የትምወርቅ የመረጠችው ስለት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እንግዳ የሚባለው ሰውዬ ደግሞ ወግቶ የረሳ ብቻ አይደለም፣ ወግቶም የሳቀ ነው። ባይረሳውማ ኖሮ ፎርት ዎርዝ ከተማ ዳር ባለው የቀስት ሱቅ መስታወት ላይ ተደግፎ ሚስቱን የትምወርቅን «የትምዬ፣ ብሮድሄዱን አንቺ ምረጪልኝ፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ» ይላት ነበር? ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለውን ተረት እናቱ አልነገሩትም መሰለኝ!

ብሮድሄድ የሚሉት ፍላጻው ጫፍ ላይ የሚሰካውን ሰፊ ስለት ነው። አውሬ የሚጥለው እሱ ነው እንጂ ፉከራ አይደለም። የትምወርቅ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ከኤርፖርት ሥራዋ ስትመለስ ዩለስ ከተማ ባለው አፓርትመንታቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የሁለቱንም ስለት በሞረድ የምትስለው እሷ ናት። ሲበቃው ላስቲክ ትወጥርና ስለቱን ጫን ሳታደርግ ታስነካዋለች። ላስቲኩ በንክኪ ካልተበጠሰ እንደገና ትሞርዳለች። ባሏ በዚያ ሰዓት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል።

ቂሟ ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ ካለፈው ኅዳር ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008ቱ። ከጋሽ ታፈሰና ከጌትነት ጋር አጋዘን ሊያድኑ ወጥተው ነበር። ጋሽ ታፈሰ በወጣትነታቸው ኦሞ በረሃ ውስጥ ለፈረንጅ አዳኞች ዱካ ሲያነቡ የኖሩ፣ አሁን ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃ አይወዱም። መዘውር የተገጠመለትን ዘመናዊ ቀስትም አይወዱም። ሰው በገዛ ክንዱ ስቦ የሚለቀውን የእንጨት ቀስት ብቻ ነው አደን የሚሉት፤ የእሳቸው ቃል ደግሞ በእነዚያ ሰዎች መሃል ሕግ ነው። ጌትነት ፋርመርስ ብራንች ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጓደኛቸው ነው፤ ለሳቅም ለጭብጨባም የማይሰንፍ።

አጋዘኑን የወጋችው የትምወርቅ ናት። ፍላጻዋ ከትከሻው ኋላ ገብቶ በወዲያኛው ጎን ወጣ፣ እንስሳውም ትንሽ ሮጦ ተንበረከከ። ሥጋው እንዲበላ ግን ነፍሱ ሳትወጣ ተባርኮ መታረድ ነበረበት። ሴት ደግሞ አታርድም። አገር ቤት ሴት ዶሮ ለማሳረድ እንኳ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ትለምን የለ! እና «እንግዳ፣ ሩጥ! ድረስበት!» ብላ ጮኸች። ሮጠ፤ በስመ አብ ብሎ አረደው። ጋሽ ታፈሰና ጌትነት ከዛፎቹ ወዲያ ብቅ ሲሉ ያዩት ደም የነካው ቢላዋ የያዘ ወንድ ነው።

«ማነው የጣለው?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«እኔ ነኛ!» አለ እንግዳ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

የትምወርቅ አፏን ስትከፍት ክንዷን ቆንጠጥ አደረጋት። «ተይው በቃ፤ ላንቺ ምን ያደርግልሻል?» አላት በሹክሹክታ። ባሏን በሰው ፊት ላለማዋረድ ብላ ዋጠችው። ይሄ ስህተቷ ነው።

በሳምንቱ ጋሽ ታፈሰ ቤት ግብዣ ሆነ። ጥሎ የመጣ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል፣ ወጉ ነው አሉ። ጌትነት ከፍሪጅ ውስጥ የሱቅ ቅቤ አውጥቶ እየሳቀ እጇ ላይ አኖረላት። «በይ እንጂ፣ የጀግና ሚስት!» ቀባችው። እሱ «ዘራፍ!» እያለ የሰው ምንጣፍ ሲረግጥ፣ ቤቱ በጭብጨባ ሲናጋ፣ የገዛ ግዳይዋን የሰረቃትን ራስ በገዛ እጇ ቀባችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር፤ ሆድ ግን ይሄንን አልፈጀውም። ቅዳሴ ቆማ እንኳ የሚታያት ያ ቅቤ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ክረምቱ አልፎ ጋሽ ታፈሰ «አሁን ደግሞ ከርከሮ ነው» ሲሉ የትምወርቅ በሆዷ እሰይ አለች። ከርከሮ እርኩስ ነው፣ አይበላም፤ የማይበላ አውሬ ደግሞ አይታረድም። ስለዚህ ቢላዋ ይዞ ሮጦ ስም መስረቅ የለም፤ የሚመሰክረው ፍላጻው ብቻ ነው። እንግዳ ወግቶ ሳይጥል ይቀራል፣ አውሬው ፍላጻውን አራግፎ ይሄዳል፣ በጋሽ ታፈሰ ፊት ያፍራል። እሷ ትጥላለች። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሚቀባ ይታያል! ዓመት ሊሞላው የቀረበ ቂሟ የሚፈልገው ይህንን ብቻ ነበር፤ ስሟ እንዲመለስና እሱ እንዲዋረድ።

እና አሁን ሱቁ ውስጥ ሻጩ ወደ እሷ ዞሮ «የባለቤትሽ ቀስት ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ባለመዘውር» አለች፣ ቅጭም ሳትል። እንግዳ ሌላ መደርደሪያ ጋ የሚያምር ኮፍያ ይለካ ነበር።

ሻጩም ለባለመዘውር የሚሆነውን አወጣላት። ሲበር ክንፎቹን አጥፎ፣ አውሬው ላይ ሲያርፍ የሚከፈት፣ ብልጭልጭ ያለ ስለት። ለብርቱ ቀስት ግሩም ነገር ነው። እንግዳ የሚስበው የእንጨት ቀስት ግን ያለው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ስለቱ ያችኑ ጉልበት ለመከፈቻ ይጨርሳትና ለመግቢያ አይተርፈውም። ወንድ ከርከሮ ደግሞ ትከሻው ላይ እንደ መኪና ጎማ የጠነከረ ቆዳ አለው።

«ጃንጥላ በለው» አለችው ባሏን። «ውስጥ ሲገባ ይከፈታል።»

«ዋው! ሶ፣ ይሄማ አይቀርም!» አለ። ለራሷ የያዘችውን ባለሁለት አፍ፣ ከባድና ጥቁር ስለት አይቶ ሳቀ። «ያንቺ የሽንኩርት ቢላዋ ነው የሚመስለው።»

«እኔ ቆጣቢ ነኛ» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከፎርት ዎርዝ በስተ ምዕራብ፣ ከርከሮ እርሻውን እያረሰ ያስቸገረው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ግቢ ገብተው መኪናቸውን ፓርክ አደረጉ። ጋሽ ታፈሰ ዱካውን ዞር ዞር ብለው አነበቡና ቦታ ሰጧቸው። እንግዳ ከደረቁ ወንዝ አፋፍ፣ የትምወርቅ ከእሱ ትንሽ ኋላ በጎን ካለው ቁጥቋጦ፣ እሳቸውና ጌትነት ከላይ በኩል አውሬውን ሊያባርሩ። «ሴትዮ፣ እሱ ከሳተ አንቺ አለሽ» አሏት። አንገቷን ነቀነቀች።

ብዙ አልቆየም፣ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና ወጣ። ወይ ጉድ፣ እሱስ አውሬ ነው! ክራንቻው ከአፉ ውጭ ተጠምዝዟል፣ ጀርባው ላይ ጭቃ ደርቆበታል። እንግዳ ስቦ ለቀቀ። አነጣጥሮስ አልሳተም፣ ትከሻው ላይ አገኘው። ፍላጻው ግን እዚያው ቆዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጥቂት ደም ብቻ ጠብ አለ። የትምወርቅ ያሰበችው ሁሉ እስከዚህ ድረስ ልክ ሆኖላት ነበር።

ያላሰበችው ከርከሮው እንደማይሸሽ ነው። ዞረ። እንግዳ ሁለተኛ ፍላጻ ከአፎቱ ሊመዝ ሲታገል አየውና መጣበት። እሱ ሮጠ፣ እግሩን ሥር ያዘውና በደረቱ ተደፋ፣ ተገልብጦም በእግሩ እየተራገጠ ወደ ኋላ ይሳብ ጀመር። ከርከሮው ራሱን አቀርቅሮ ጎኑን እንዳለ ለየትምወርቅ ሰጣት።

ቀስቷ ተስቧል። ጥቁሩ ስለት ልክ ቦታው ላይ ነው። የእንጨት ቀስት ስቦ መቆየት ክንድ ያቃጥላል፤ ሰው ይስባል፣ ይለቃል። እሷ ስባ ቆየች። ባሏን ነበር የምታየው። ጥራኝ! አለች በልቧ። የማንን እጅ እንደምትፈልግ አፍህን ከፍተህ ተናገር!

ክራንቻው ባቱን ተረተረው።

«የትምወርቅ!» ብሎ ጮኸ እንግዳ።

ለቀቀች። ፍላጻው ከርከሮውን ከጎኑ እስከ ጎኑ በርቅሶ ወጣና ወዲያ ማዶ አፈር ውስጥ ተተከለ። አውሬው ሁለት ጊዜ ተንገዳግዶ ባሏ እግር ሥር ተዘረጋ።

ጌትነት ትንፋሹ ተቆራርጦ ደረሰ፤ ቀበቶውን ፈትቶ የእንግዳን እግር ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ጋሽ ታፈሰ ግን አስቀድመው ከርከሮውን ዞሩት። ትከሻው ላይ የተንጠለጠለውን ፍላጻ ላባውን አይተው የማን እንደሆነ ለዩ።

«ግዳይ ደም ላስቀደመ ነው» አሉ። «ሌላው አጋዥ ነው። በእኛ በኩል ጥንትም ሕጉ ይሄ ነው። እንግዳ፣ ያንተ ነው።»

የትምወርቅ ደሟ ፈላ። አሁንም ለሁለተኛ ጊዜ! በዚያ በማይረባ ስለት፣ እሷው በመረጠችው ስለት! እንዳትጮህ ደግሞ ስለቱን ማን እንደመረጠ ሊጠየቅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«አይደለም፣ ጋሼ» አለ እንግዳ መሬት ላይ እንዳለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የሷ ነው። ባለፈው ያ አጋዘንም የሷ ነበር። እኔ ማረዱን ብቻ ነው ያረድኩት። ዋሽቻችኋለሁ።»

ጋሽ ታፈሰ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ያንን ያህል ዕድሜ ይዘው ጎንበስ ብለው እጇን ጨበጡ። «ልጄ፣ ገዳይ ነሽ! ይቅር በዪኝ፣ ዓይኔ አርጅቷል» አሏት። ጌትነት አፍሮ አንገቱን አቀረቀረ። የትምወርቅ ደረቷ ሞላ። እሰይ፣ እሰይ! በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ! ያን ሁሉ ወራት አልጋዋ ላይ ሆና ያየችው ነገር ሳይጎድል በእጇ ገባ።

ወደ ሐኪም ቤት የምትነዳው እሷ ነበረች። እንግዳ አጠገቧ እግሩን ዘርግቶ በመስኮት ያያል። የቆሰለ ሰው ዝምታ ነው ብላ ተወችው፤ ሃይዌይ ከገቡ በኋላ ግን አላስቻላትም።

«እንዴት ጨክነህ ተናገርከው?» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረበት።

«አየሁሽ» አላት።

«ምኑን?»

«መሬት ላይ ሆኜ አየሁሽ። ቀስቱ ተስቧል። ክንድሽ ሲንቀጠቀጥ ሁሉ አይቻለሁ። እኔን እያየሽ ነበር፣ አውሬውን አይደለም። ሶ፣ ገባኝ። የፈለግሽውን ሰጠሁሽ።»

ውሸቱ ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ። ቅርንጫፍ ከለለኝ ልትል፣ አንተን እንዳልመታ ፈርቼ ነው ልትል። አንዱንም አላለችም።

«እንድትጠራኝ ነው የጠበቅኩት» አለች። «ስለቱንም አውቄ ነው የመረጥኩልህ። እንድታፍር እንጂ እንድትጎዳ አልነበረም።»

«እኔም ማፈር ይገባኝ ነበር» አለ። ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ። «ማለቴ... ድምፄ ባይወጣስ ኖሮ፣ የትምዬ? ባልጠራሽስ?»

መሪውን አጥብቃ ያዘች። በእመብርሃን እለቅ ነበር ብላ ልትምልለት ፈለገች። አፏን ከፍታ እንደገና ገጠመችው፤ እውነት መሆኑን ራሷም አታውቅም ነበርና። እሱም ድጋሚ አልጠየቃትም።