የኪን ሌ ቤተሰብ

«አጎቴ፣ ነገ ከፊት እነማን ናቸው የሚቀመጡት?» አለች ጎረቤቱ ማ ፒዩ፣ ለቀስተኞቹ የቆረጠሙትን የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ከወለሉ ላይ እየጠረገች።

ኡ ታውን ዬ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። ሚስቱ ዶ ኪን ሌ ከሞተች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ነገ፣ በሰባተኛው ቀን፣ የቡድሃ መነኮሳቱ ለጸሎት ይመጣሉ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የሟች ቤተሰብ ከፊት፣ ጎረቤት ከኋላ። እነሱ ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ ዘመድ የተባለ ሁሉ ከወንዙ ማዶ በርማ ቀርቷል፤ መንገዱን ጦርነቱ ከዘጋው ሁለት ዓመት አለፈው።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«ብቻዎን? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!»

በር ላይ ለቀስተኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካርታ ይጫወታሉ፤ ሻይ ያለቀበት በራሱ እጅ ይቀዳል። ሁሉም ያጽናኑታል፤ እሱ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ቀን የሚስቱ ተማሪዎች ተሰልፈው ሲገቡ ማየት አስጠልቶት ነበር። ከእሱ የወሰዷት እነሱ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበቆሎው መጋዘን ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የስደተኛ ሠራተኛ ልጆችን ታይኛ ስታስተምር ኖራለች፤ ለመንግሥት ትምህርት ቤት እስኪደርሱ። ማስተማሩ ሲያልቅ ደግሞ ከቤት ቤት እየዞረች፣ «ልጅሽን ሹራብ ፋብሪካ ከምታስገቢያት ለእኔ ስጪኝ» እያለች እናቶችን ትለማመጥ ነበር። እሱ የቀዘቀዘ ሩዙን ብቻውን ይበላል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ «የሰው ልጅ ስትሰበስቢ እኛ መካን ሆነን ቀረን። ስንሞት ማን ሊቀመጥልን ነው?» አላት። ሳህኗን አጥባ ተኛች።

ከሰዓት በኋላ ዊላይ የምትባል የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነጭ አበባ ይዛ መጣች። ታይ ናት፤ እንዲገባው ቀስ ብላ ትናገራለች።

«ዘመዶቿን በሙሉ ላጽናና ነው የመጣሁት።»

«ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም።»

«እንዴት ይሆናል? እኔ ክፍል ብቻ ዘጠኝ አሉ።»

ከቦርሳዋ የተማሪዎች ዝርዝር አውጥታ አሳየችው። ከዘጠኙም ልጆች ስም ቀጥሎ የሚስቱ ስም፣ ኪን ሌ፣ ተጽፏል።

ማ ፒዩ መጥረጊያዋን አስቀመጠች። «ከስድስት ዓመት በፊት ልጆቹን ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አይቀበልም አሉን። እኛ በርማዎች ደግሞ የቤተሰብ ስም የለን፣ ከየት እናምጣው? እኔ የመንደራችንን ስም ጽፌ መለሱብኝ። ያቺ የሚዬ እናት የልጇን ስም ሁለት ጊዜ ጻፈች! በኋላ መምህርታችን፣ የእርስዎ ባለቤት፣ 'በቃ፣ የእኔን ጻፉበት' አለች።»

«ስንት ልጅ ላይ?»

«አርባ አንድ።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«'እኔው ራሴ እነግረዋለሁ' ብላን ነበር።»

ስድስት ዓመት ሙሉ አልነገረችውም። ከፋው፤ ግን ምን እንዳስፈራት ያውቃል። ያን ቀን የተናገራትን አስታውሶ አፈረ፤ ይቅርታ እንዳይጠይቃት ደግሞ የለችም። ከስድስቱ ቀናት ሁሉ የዚያን ያህል ብቸኝነት የተሰማው ሰዓት አልነበረም።

በሰባተኛው ቀን መነኮሳቱ ተቀመጡ። ኡ ታውን ዬ ከፊት ብቻውን ነው። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር በሩ ሥር ተጠጋግተዋል።

«ቤተሰቡ ተሟልቷል?» አሉ ሽማግሌው መነኩሴ።

ኡ ታውን ዬ ዞሮ ልጆቹን አያቸው። «ኑ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ልጆቹ ወላጆቻቸውን አዩ። ድፍረት እንዳይሆን ብለው እናቶቹ እጅጌያቸውን ይዘው አስቀሯቸው። የተነሳ የለም።

ኡ ታውን ዬ መሬቱን ተደግፎ ተነሳ። የተቀመጠበትን ምንጣፍ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና በጎረቤቶቹ መሃል አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

«አሁን ተሟልቷል» አለ ለመነኩሴው፤ ምንጣፉን ከብብቱ እያወጣ።

የማ ፒዩ ልጅ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።