የባርኔጣ ለባሹ ሶሎ

ጋሽ ትንፋሽ በሰው ልጅ ጆሮ ተስፋ ከቆረጡ ሰነባብተዋል። ተስፋ የቆረጡበትን ነገር ግን ከቁርስ በፊት አንብበው፣ ከቁርስ በኋላ ይደግሙታል። ስልካቸውን በስኳር ዕቃው ያስደግፋሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወርዳሉ፣ ከዚያ ባንዳቸው ካቀረበው ኮንሰርት ቪዲዮ ሥር ሕዝብ የጻፈውን አስተያየት ጮክ ብለው ለልጃቸው ያነቡላታል። ልጃቸው ለሥራ ትቸኩላለች። እሳቸው አይቸኩሉም፤ ሰውን በደንብ ለመናቅ ጊዜ ያስፈልጋል።

«‹ደስ የሚል ጃዝ ነው፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እከፍተዋለሁ›» ብለው አነበቡ። «ሰማሽ? ዕድሜ ልኬን የነፋሁት ለካ ይሄን እንቅልፋም ለማስተኛት ነው። እሹሩሩ በሉኝ ቢል ይቀለው ነበር።»

«አባዬ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።»

«ይቺ ደግሞ ‹ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?› ትላለች። ኮንሰርቱን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ዘፋኝ ስትጠብቅ የነበረች! ይሄኛው የቤዝ ተጫዋቹን ካልሲ የት እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ይሄ ደግሞ ‹የድምፅ ሚክሱ ትንሽ ጭቃ ነው› ብሏል። ጭቃው የቱ ጋ ነው ብትዪው አያውቅም። ሌላ ቪዲዮ ሥር አንብቦ ነው ያመጣው።»

ትንፋሽ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጥንት ጓደኞቻቸው ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ሳክስፎናቸው ላይ አንድ ድምፅ ይዘው ሲቆዩ፣ አስተናጋጁ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ወጥ ቤት ደርሶ፣ ብርጭቆውን ይዞ እስኪመለስ አይለቁትም ነበር ይባላል። ወሬው ትንሽ ተጋኗል። ያጋነኑት ራሳቸው ናቸው። አሁን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከልጃቸውና ከባሏ ጋር ነው የሚኖሩት፤ በአዳራሹ ባንድ ውስጥ ደግሞ ከእሳቸው በዕድሜ በብዙ ከሚያንሱ ከፒያኒስቱ፣ ከድራመሩና ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ይጫወታሉ። ሦስቱንም ይንቋቸዋል። ሦስቱም ይወዷቸዋል።

ከዚያ ሁሉ መንጋ መካከል ጋሽ ትንፋሽ ያልናቁት አስተያየት ሰጪ አንድ ብቻ ነበር። ራሱን «ንጹህ ጆሮ» ብሎ ይጠራል። የእሱን ሲያነቡ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ጉሮሯቸውንም ይጠርጋሉ።

«‹ሳክስፎኑ ሶሎ ሲጀምር ኤዲተሩ ከታዳሚው መካከል ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ያሳየናል። ሶሎውን የተጫወተው ባርኔጣው ነው እንዴ? ድምፁም ቢሆን ጉድ ነው። እዚያች ቦታ ላይ አዳራሹ በድንገት ወና ይሆናል። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ ማሚቶው ከየት መጣ? ይህን ቪዲዮ የቆረጠ እጅ ሽንኩርት ቢቆርጥ ይሻለው ነበር።› ይሄ ነው ሰው! ማን ይሆን? ሙዚቀኛ መሆን አለበት። ከድሮዎቹ አንዱ፣ በሕይወት ካለ። እንዴት ያለ አፍ ነው፣ እንዴት ያለ ጆሮ ነው!»

ልጃቸው ኩባያዋን አስቀመጠች። «ትናንትም አንብበህልኛል» አለች ቀስ ብላ።

«ብደግመው ይበዛበታል?»

ሽንኩርት ቢቆርጥ ይሻለው ነበር የተባለው እጅ ባለቤት ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር። ኤዲተሩ አማቻቸው ነው፤ የልጃቸው ባል። በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም፣ «መቀስ» ይሉታል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲሰድቡት «እሺ አባባ» የሚል ሰው ነው። ጋሽ ትንፋሽ የሚያበሳጫቸው ከሁሉ በላይ ይሄ «እሺ» ነው። ወንድ ልጅ ሲሰደብ ቢያንስ ፊቱ መቅላት አለበት ብለው ያምናሉ።

ነገሩ የአስተያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳቅ ባለፈ። ነገር ግን ባንዱ በውጭ አገሮች እየዞረ እንዲጫወት ተጠይቋል፤ ጠሪዎቹም ማንን እንደሚወስዱ የሚወስኑት ይህንኑ ቪዲዮ አይተው ነው። ጋሽ ትንፋሽ በሕይወታቸው አውሮፕላን የሚያውቁት ከታች ሆነው ሽቅብ በማየት ነው። ሻንጣ ገዝተዋል። ሻንጣው አልጋቸው አጠገብ ቆሟል፣ በየቀኑ አቧራውን ይጠርጉለታል። አሁን እነዚያ ሰዎች ቪዲዮውን ከፍተው የሚያዩት ምንድን ነው? ጋሽ ትንፋሽ በሕይወታቸው ምርጡን ሶሎ ሲጫወቱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን የሚነቀንቅ ባርኔጣ ለባሽ! የእሳቸው ፊት የለም፣ ጣታቸው የለም።

ስለዚህ የዚያኑ ቀን አዳራሹ ሄዱና የአዳራሹን ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ አስጠሩ።

የተሰበሰቡት ከመድረኩ ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ የተደራረቡ ወንበሮች፣ የተጠቀለሉ ገመዶች፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ። ሥራ አስኪያጇ ወሬ የማትወድ፣ ሁልጊዜ ቁልፎቿን በጣቷ የምታሽከረክር ሴት ናት። በኮንሰርቱ ቀን ሶሎው ላይ አልነበረችም፤ ከበር ጠባቂዎቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው ያመለጣት። መቀስ ጥጉ ላይ ቆሟል። ሦስቱ ሙዚቀኞች ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ጋሽ ትንፋሽ ተነሥተው የንጹህ ጆሮን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው። ሽንኩርቱ ጋ ሲደርሱ ረገጥ አድርገው ነው ያነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን ዝቅ አድርገው ሙዚቀኞቹን ተመለከቱ።

«እናንተስ? መድረክ ላይ አብራችሁኝ ነበራችሁ። ያ ሶሎ በባርኔጣ የሚሸፈን ነበር?»

ፒያኒስቱ ጥፍሮቹን አየ። ቤዝ ተጫዋቹ ያን ሰው የጠየቀለትን ካልሲውን ሳብ አደረገ። በእንቅልፉ እንኳ የሚያወራ ነው የሚባለው ድራመር ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን እንደገና አሰረ።

«ተዉት በቃ ጋሼ» አለ ፒያኒስቱ በመጨረሻ። «ቪዲዮው ጥሩ ነው።»

‹ፈሪዎች› አሉ ጋሽ ትንፋሽ በሆዳቸው። ‹ሥራ አስኪያጇን ፈርተው ነው። ከእነዚህ ጋር ነው እንግዲህ ባሕር የምሻገረው።›

«ቀላል ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ ወደ መቀስ ዞራ። «ያልተቆረጠውን ጥሬ ቀረጻ አምጣና የጋሼን ፊት አስገባ። አለቀ።»

«ጥሬው የለም» አለ መቀስ። «አጥፍቼዋለሁ።»

ቁልፎቹ መሽከርከራቸውን አቆሙ። «ጥሬ ቀረጻ አጠፋህ? ጠሪዎቹ ገና ሳይወስኑ?»

«በስሕተት ነው።»

«ነገ ጠዋት ጥሬው ጠረጴዛዬ ላይ ካልተቀመጠ ሌላ ኤዲተር እፈልጋለሁ። ይቅርታ የለም።»

መቀስ ያው እንደ ልማዱ «እሺ» አለ። ጋሽ ትንፋሽ በደስታ ደረታቸውን ነፉ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታው አልጣፍጥ አላቸው። ልጃቸው የሥራ ፈት ሚስት ልትሆን ነው። ቢሆንም ምን አባታቸው ያድርጉ? ማን አግቢው አላት?

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ቀድማቸው ገብታለች። ባሏ በስልክ ነግሯት ኖሯል። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም፤ የባሏን ኮምፒውተር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ቆማለች።

«ቁጭ በል አባዬ።»

«ስለዚያ መቀስ ልታለቃቅሺብኝ ከሆነ...»

«ቁጭ በል ብዬሃለሁ!»

እንዲህ ጮኻባቸው አታውቅም። ቁጭ አሉ።

ስክሪኑ ላይ መድረኩ መጣ። ጋሽ ትንፋሽ ራሳቸውን አዩ፤ ኮታቸው ያምራል፣ አቋማቸው ያምራል። ሶሎው ተጀመረ። አነሣሡ ግሩም ነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ሳክስፎኑ አፋቸው ውስጥ ነው፣ ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ከሕዝቡ በላይ የሆነ ባዶ ቦታ ያያል። ፒያኒስቱ ቀና ብሎ ተመለከታቸው። ጠበቃቸው። እንደገና ተመለከታቸውና ቀስ ብሎ ገባላቸው፤ ድራመሩም ድምፁን ቀነሰለት። ፒያኖው ሲጨርስ ሕዝቡ አጨበጨበ። መድረኩ ላይ ያሉት ጋሽ ትንፋሽ ነቃ አሉና፣ ፈገግ ብለው፣ ለጭብጨባው እጅ ነሡ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አቆራረጥ ነው?» አሉ። «ድምፄን ለምን አጠፋው?»

«አልቆረጠውም አባዬ። ጥሬው ነው፣ አላጠፋውም። ይሄው ነው የሆነው።»

«ተጫውቼዋለሁ! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! ቪዲዮው ላይ አለ!»

«ቪዲዮው ላይ ያለው የልምምዱ ቀን የነፋኸው ነው። ያኔም ሲቀረጽ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ገጠመልህ። ፊትህን ማሳየት ስላልቻለ ነው ያን ሰውዬ ያሳየው።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ላይ ጣለችው። «ሰው ሁሉ ይስቅበታል፣ አንተም ትስቅበታለህ፣ እሱ ግን ‹ለአባባ እንዳትነግሪያቸው፣ ይሂዱ ብቻ› ይለኛል። ነገ ከሥራ ይባረራል።»

ጋሽ ትንፋሽ ክው አሉ። የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ያሹ ጀመር። የሚያሳፍራቸው መቆማቸው አልነበረም፤ ሰው ይቆማል። ያቺ ጊዜ ጨርሶ እሳቸው ዘንድ የለችም። ለማስታወስ ሞከሩ፣ ያገኙት ጭብጨባውን ብቻ ነው።

«ልምምዱ ቀን አዳራሹ ባዶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ለዚህ ነው ማሚቶው። ንጹህ ጆሮ ልክ ነው!» በዚያ ሁሉ ውርደት መካከል እንኳ ትንሽ ኩራት ተሰማቸው። «አየሽ? ያ ሰው ሰምቶታል። ልጻፍለት። ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ እውነቱን ልንገረው፣ ለእሱ ይገባዋል።»

ስልካቸውን አወጡና በወፍራም ጣታቸው የንጹህ ጆሮን ጽሑፍ ነኩት። ከጎኑ ሁለት ቃላት ብቅ አሉ፤ «አርም» እና «ሰርዝ»።

«ለምንድነው የሰው ጽሑፍ እኔን ሰርዝ የሚለኝ?»

ልጃቸው ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«ምን ሆነሻል? ንገሪኝ እንጂ።»

«በራስህ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው እንደዚያ የሚለው» አለች። «ስሙን አብረን ነው ያወጣነው አባዬ። እዚሁ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ። ሽንኩርቱን ስትጽፍ በሳቅ ልትሞት ነበር።»

ጋሽ ትንፋሽ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ቃላቱ እዚያው ናቸው። ከዚያ ለሥራ አስኪያጇ ደወሉ።

«ጥሬውን አትጠብቂ» አሉ። «ሶሎው መሀል ቆሜ ቀርቻለሁ። ለምን እንደቆምኩ አትጠይቂኝ፣ እዚያ አልነበርኩም። ልጁ ነው የሸፈነኝ። ሥራውን ብትነኪበት ከእኔ ጋር ነው የምትጣዪው። ለጉዞውም ሌላ ሳክስፎን ፈልጊ፤ ወጣቶቹ ሁሉ ሲነፉ የብስክሌት ጎማ የሚሞሉ ይመስላሉ፣ ግን ምን ይደረግ፣ ከመካከላቸው ውሰጂ።»

ስልኩን ዘጉ። ንጹህ ጆሮንም ሰረዙት።

ባንዱ ሄደ። ሻንጣውን ልጃቸው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ጋሽ ትንፋሽ ለጠየቃቸው ሁሉ «ከእነዚያ ጋር ማን ይሄዳል?» ይላሉ፤ ሲሉትም ከልባቸው ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ያው በስኳር ዕቃው ተደግፎ፣ መነጽሩ ያው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሆኖ ሕዝቡን ሙልጭ አድርገው ይሰድባሉ።

አንድ ቀን ጣታቸው አስተያየቶቹን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች ሲገፋ ቆየ።

«አንተ መቀስ!» አሉ። «ንጹህ ጆሮ የታለ? ከዚህ ሁሉ መንጋ አንድ ሰው ነበር፣ እሱንም ቆረጥከው!»

መቀስ ሻይ እየቀዳላቸው ነበር። ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እኔ አይደለሁም አባባ» አለ። «ሰውየው ራሱ ነው የሰረዘው።»

«ራሱ? ያን የመሰለ ነገር ጽፎ?»

«አዎ። ራሱ።»

ጋሽ ትንፋሽ ስልኩን ገፋ አደረጉትና አፍንጫቸውን ነፉ።

«ፈሪ!» አሉ። «እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ ነበር።»

«እሺ አባባ» አለ መቀስ፣ ስኳሩንም አቀረበላቸው።