ጠማማው ብርድ ልብስ

በኪሮሽ የሠራሁትን ብርድ ልብስ አማቴ ሶፋው ላይ ሲያዩት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚግዛግ ጥለቱ አንዱ ጫፍ ተራራ አክሏል፤ ሌላው ጉብታ ሆኖ ቀርቷል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና፣ «እንዴት ያለ ዲዛይን ነው! እጅሽ ይባረክ፤ ለእኔም ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሥሪልኝ» አሉኝ።

ዲዛይን! እህቴ ስትደውልልኝ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እያወራሁ ስሠራ ነው የተጣመመው። ወሬው ሲጥመኝ ቆጠራው ይጠፋኛል፤ ስናደድ ደግሞ ክሩን አጠብቀዋለሁ። የምናማው ደግሞ ሌላ ማንንም ሳይሆን እሳቸውን ነበር፤ ብርድ ልብሱ ተጀምሮ እስኪያልቅ።

የእሳቸውን ስጀምር አማቴ «ስትሠሪ ልይሽ» ብለው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ምን አባቴ ላድርግ? አፌን ዘግቼ የክሩን ቀለበት አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ዚግዛጉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል እኩል እኩል ሆኖ ወጣ።

አማቴ አዩትና ከንፈራቸውን ጣሉ።

«ምነው ልጄ፣ ለእኔ ሲሆን ሰነፍሽ? ያኛውን እኮ ከልብሽ ነው የሠራሽው።»

እውነት ብለዋል። ያኛውን ከልቤ ነበር የሠራሁት።