መድን የሚቀበል ሐኪም

የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ የሽማግሌውን የጤና መድን ካርድ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንሥታ አየችውና መልሳ ገፋችው። ከዚያም ከአጠገቧ ካለው ጠርሙስ አልኮል ጨምቃ እጇን ማሸት ጀመረች፤ ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል። ሽማግሌው ይህን ሲያይ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

«የመንግሥት መድን አንቀበልም።»

«በስልክ እንቀበላለን ብላችሁኝ ነበር እኮ፤» አለች ልጁ።

«ያኔ እንቀበል ነበር።»

«ትናንት ነው የደወልኩት!»

ሴትዮዋ ከኋላቸው የቆመውን ሰው «ቀጥሎ!» ብላ ጠራች።

ልጅየዋ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ናት። ሰው ሲገፋፋ፣ ሲሳደብ፣ በመስኮት ሲተፋ ስታይ ስለምትውል፣ የሚያስጠይፋት ነገር ያለቀ ይመስላት ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ በየክሊኒኩ ያየችው ሁሉ አስጠይፏታል። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀባ የኖረ፣ አሁን ስኳር የያዘው ሰው ነው። የግራ እግሩ ተረከዝ ከቆሰለ ሰንብቷል። ሆስፒታሉ፣ ጠቅላላ ሐኪም አይቶ ካልላከው አላስተናግድም ይላል። ጠቅላላ ሐኪሞቹ ደግሞ ገሚሶቹ «ሞልቶብናል» ይላሉ፤ ገሚሶቹ መድን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጉባታል።

ታክሲ ውስጥ የቁስሉ ሽታ መጣ። ፋሻው ላይ ሽቶ ረጭታበት ነበር፤ ይባስ ብሎ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ክርፋት ሆነ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አደረገችው። ያን ጊዜ ከእንግዳ ተቀባይዋም ይልቅ ራሷን ጠላች።

«ብርድ ገባብህ አይደል አባባ? ልዝጋው?»

«ተይው ልጄ፤ ለእኔም ይሸተኛል።»

መድን ይቀበላል የተባለው የመጨረሻው ሐኪም አንድ የጫማ መደብር ያለበት ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው። ሲደርሱ መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። ግድግዳው የሰው ጭንቅላት የተደገፈበት ቦታ ላይ ጠቁሮ ወዝቷል። ወለሉ ጫማ ይይዛል። ጥግ ላይ ያለው ቅርጫት ደም የነካው ጥጥ ሞልቶ ወደ ውጭ ተርፏል፤ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ከዚያ ለማራቅ ጉልበቷ ላይ ጨምቃ ይዛዋለች። ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ከዚህ ውጡ ቢባሉ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውማ።

ተራቸው ሲደርስ ሐኪሙ ቀና ሳይል ወንበሩን በእስክሪብቶ ጠቆመ። የምርመራው አልጋ አንሶላ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ተጣብቋል፤ መሐሉ ላይ ቡናማ እድፍ ደርቋል።

«ምን ሆንክ?» አለው አባቱ ሊሆን የሚችለውን ሰው።

«እግሬን ነበር ዶክተር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና...»

ሐኪሙ መጻፍ ጀምሯል። «የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ይውሰድ።»

«እግሩን ሳያዩት?» አለች ልጁ።

«የእኔ እህት፣ ውጭ ያለውን ሰው አላየሽም? በመድን ለመጣ ሰው ያለኝ ጊዜ ይቺው ናት።»

ልጅየዋ ተንበረከከች። ጫማውን አወለቀች፤ ፋሻውን ፈታች፤ የመጨረሻው ዙር ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሽማግሌው ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ የአባቷን እግር በሁለት እጇ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ሐኪሙ በጻፈው ማዘዣ ላይ አሳረፈችው።

ክርፋቱ ክፍሉን ሞላው። ሐኪሙ ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ አፍንጫውን ያዘ።

«ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው!»

«ዝም በል አባባ። ይሽተታቸው።»

ሐኪሙ ከቆመበት ሆኖ ቁስሉን አየው። በኋላ እጁን ከአፍንጫው አወረደ፤ ጓንት አጠለቀ፤ ጎንበስ አለ። የጠቆረውን ዳርቻ በጣቱ ተጫነው። ሥጋው ሞቶ ስለነበር ሽማግሌው እዚያ ላይ ምንም አልተሰማውም፤ ሐኪሙን ያስደነገጠውም ይኸው ነበር።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

ልጅየዋ ቀኑን ሙሉ ካየችውና ከሸተታት ሁሉ ይልቅ ይህን ጥያቄ ተጸየፈችው።

«ስንፈልጋችሁ፤» አለ አባትየው።

ሐኪሙ ስልኩን አንሥቶ ሆስፒታሉ ጋ ደወለ። «አጣዳፊ ሰው አለኝ፤ ዛሬውኑ መተኛት አለበት። እግሩ... አዎ።» ትንሽ አዳመጠ። «አይ፣ በመድን ነው።» ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሐኪሙ ነኝ እኮ የምልሽ! ሰውዬውን አላየሽው፣ እንዴት ብለሽ ነው...»

ከስልኩ ውስጥ ቀጭን የመጠበቂያ ሙዚቃ መሰማት ጀመረ። ሐኪሙ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ሊዘጋው መስሏት ልጅየዋ አንድ እርምጃ ቀረበችው፤ እሱ ግን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ።

ሙዚቃው አልቆ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሽማግሌው በደህናው እግሩ ወንበሩን ገፋ አደረገለት።

«ይቀመጡ ዶክተር፤» አለው። «ይቆያል።»