ከልጄ ጫማ የተራገፈው

ሰው ሠራሽ ሣር አይበቅልም፣ አይደርቅም፤ ታዲያ ምን እንክብካቤ ያስፈልገዋል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ኳስ ሜዳ ላይ ስምንት ዓመት ስንከባከበው ኖሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ቅጠልና ማስቲካ እለቅማለሁ። የተኛውን ሣር በተቃራኒው እየቦረሽኩ አስነሣዋለሁ። በሣሩ መሐል የሚነሰነሰውን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ፣ ከሸሸበት ጠርዝ እየጠረግሁ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ሣሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ የወደቀ ልጅንም ጉልበት የሚያተርፈው ያ ፍርፋሪ ነው።

ልጄ በዚሁ ሜዳ በረኛ ነበረች። ኳስ እጇ ላይ ስለሚጣበቅ ጓደኞቿ «ሙጫ» ይሏታል። ከልምምድ መልስ ቤት ስትገባ ጫማዋና ካልሲዋ ፍርፋሪ ሞልቶ ምንጣፉን ያጠቁርብኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ሜዳውን ተሸክመሽው መጣሽ?»

«እማ ደግሞ! ሥራ እንዳትፈቺ ብዬ እኮ ነው!»

እየሳቀች ጫማዋን ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ታራግፋለች። ቆርቆሮው ሲሞላ ይዤው ሄጄ፣ እሷ የምትቆምበት የጎል አፍ ላይ እነሰንሰዋለሁ። የሜዳው ንብረት ነዋ።

በረኛ አንድ ቦታ ስለምትቆም እዚያ ፍርፋሪው ቶሎ ይሸሻል፤ ይጎደጉዳል። የመጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ያነበበችልኝም እሷ ናት፤ እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

«የጎል አፍ በየሳምንቱ ይሞላ፣ ይላል እማ። እግሬ እንዳይጠመዘዝ ነው። እንዳትረሺኝ!»

ትኩሳት በሦስት ቀን ልጄን ወሰደብኝ። ቆርቆሮው እስከ ግማሹ ሞልቶ ቀረ።

ወደ ሥራ ስመለስ ጉድጓዱ እንዳለ ጠበቀኝ። የሁለት እግር ቦታ፣ ጎን ለጎን። ሜዳውን ሁሉ ቦረሽኩ፤ እዚያ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዙሪያውን ጠርጌ አለፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ከርሞ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። መምህሯ «ማንበብ የምትፈልጉትን አምጡ» ስትለን ያንን መመሪያ ገልብጬ ወሰድኩና ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

አንድ ቅዳሜ አዲሷ በረኛ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ኳስ ልትይዝ ስትነሣ እዚያው ላይ እግሯ ተጠመዘዘ። ጩኸቷን መጋዘን ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። የኔዋ መሰለችኝ፤ ብሩሹን ጥዬ ሮጥኩ። እናቷ ቀድማኝ ደርሳ አቅፋታለች።

«የቱ ጋ ነው የኔ እናት? ንገሪኝ፣ የቱ ጋ ነው?»

አሰልጣኙ ጉድጓዱን በጣቱ ለካና ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ፍርፋሪ አልቆ ነው እንዴ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«ልጄ የቆመችበት ነው። እያወቅሁ ተውኩት።»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። እናትየው ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«የኔዋስ ልጅ?» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አጥንቷ አለመሰበሩን እስክሰማ እህል አልቀመስኩም። በማግሥቱ ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩ። መጋዘን ውስጥ ሙሉ ጆንያ አለ፤ ሌላ ጎማ ግን ከልጄ ጫማ የተራገፈውን እንዲቀድም አልፈለግሁም። ተንበርክኬ ሣሩን በጣቴ እየፈለቀቅሁ በእፍኝ በእፍኝ ጨመርኩት። ከፍርፋሪው መሐል ሰማያዊ ክር ወጣ፤ የካልሲዋ ነው። መመሪያው «ባዕድ ነገር ይለቀም» ስለሚል ለቅሜ ኪሴ ከተትኩት።

ቆርቆሮው ለአንድ እግር ብቻ በቃ። ሌላውን ከጆንያው ሞላሁት። በብሩሽ ወዲያና ወዲህ አልኩት፤ ሣሩ ቀና አለ።

ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት ስትመለስ እናቷ ቀድማት ሜዳ ገባች። የጎሉን አፍ ከዳር እስከ ዳር ረገጥ ረገጥ እያደረገች ሞከረችው። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ልጅሽ የቱ ጋ ነበር የምትቆመው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ላሳያት ጎንበስ አልኩ። ሣሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ፈለግሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።