የባዶው ቦታ ባለቤት

ቀኝ ዐይኔ አያይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ከታላቅ እህቴ በቀር የሚያውቅ የለም። በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከላችን ደንብ፣ በአንድ ዐይኑ የማያይ ሰው ጥሪ አይቀበልም። እኔ ግን በየዓመቱ የምርመራውን የፊደል ሰሌዳ እየሸመደድኩ ስምንት ዓመት ተቀበልኩ። ከእኔ ቀድሞ አምቡላንስ ያስነሳ ሰው የለም።

ፕሮግራማችን በስክሪኑ ላይ ያሉትን ሳጥኖች በማውዝ እየጎተትን እንደየምቾታችን እንድንደረድር ይፈቅዳል። ሌሎቹ እንደመጣላቸው ተዉት። እኔ ካርታውንም፣ የመኪኖቹን ዝርዝርም፣ «ላክ» የሚለውን ቁልፍም ወደ ግራ ሰበሰብኩና የቀኙን ሲሶ ባዶ አደረግኩት። አንገቴን ካላዞርኩ በዚያ በኩል የሚብለጨለጭ ነገር ያመልጠኛል፤ በእኛ ሥራ ደግሞ የሚያመልጠው ነገር ሰው ነው።

ቄንጠኛው የምንለው የፈረቃ ኃላፊያችን አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመ። «እህቴ፣ የዚህን አደራደር ቅጂ ስጪኝ እስቲ፤ ልጆቹም ይማሩበት» አለኝ። ሰጠሁት። በወሩ የሁሉም ስክሪን እንደ እኔ ሆነ፤ ከሥሩም «አዘጋጅ» ተብሎ የእሱ ስም ተጻፈ። በዚሁ ሥራው ለመምሪያ ኃላፊነት ታጨ። ላነጋግረው ብሄድ «አንቺ ደግሞ! ሳጥን መግፋት ምን ፈጠራ አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ቂሙን እኔ ያዝኩ፤ ሳሉን ይዞ የገባው እሱ ነው፤ ባዶውን ቦታ ሳይቀር ገልብጦታል። ስለ ባዶው ቦታ አንድ ቀን የሚጠይቀው ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

ለእህቴ ስነግራት ደነገጠች።

«ተይ! አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እሱን አጋልጣለሁ ብለሽ ራስሽን ልታጋልጪ ነው። ከወንበርሽ ያነሱሻል።»

«ያንሱኝ» አልኳት።

ዋና ሥራ አስኪያጇ ሹመቱን ከማጽደቃቸው በፊት ሥራውን ሊያዩ መጡ። ቄንጠኛው አዲስ ከረባት አስሮ ሲያስረዳ ከአፉ ማር ጠብ ይል ነበር።

«በቀኝ በኩል ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ለምንድነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ለዐይን እረፍት ነው፤ ብዙ ጥናት አድርጌበታለሁ» አለ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ።

ተነሳሁ። «እረፍት አይደለም። አደራደሩ የእኔ ነው፤ በዚያ በኩል ስለማላይ ነው ባዶ የተውኩት» አልኩና ግራ ዐይኔን በመዳፌ ከደንኩ።

«ስንት ጣት ነው?» ሥራ አስኪያጇ ሲሉኝ ሰማሁ።

«አላውቅም። እሱን ይጠይቁት፤ አጥንቶታል።»

አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እጄን ሳነሳ መጀመሪያ ያየሁት የቄንጠኛውን ከንፈር ነው፤ ክው ብሎ ደርቋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሹመቱ ቀረበት። እኔም በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፤ ደንብ ደንብ ነው። ወንበሬን የያዘችው ልጅ የምትሠራው በእኔው አደራደር ነው። ሁለት ዐይኗ እያየ፣ እኔ ሦስት መኪና በማስነሳበት ጊዜ አንዱን ብቻ ታስነሳለች አሉ።

«አሁን ደስ አለሽ?» ትለኛለች እህቴ።

«በጣም» እላታለሁ። ከንፈሩ እንዴት እንደደረቀ እየደጋገምኩ አስቃታለሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋና አለቅሳለሁ።