የተተወችው ክኒን

«እግርህን አንሳ አልኩህ» አለችው፤ ወንድሟ ግን እግሩ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ መሆኑንም አላወቀ። መርፌው የሱሪውን ጠርዝ ጨርሶ ወደ ጣቱ ተሻገረ። ጥፍሩን ከበሳ በኋላ ሶኬቱን የነቀለችው እሷ ናት።

በአንድ ጠባብ የስፌት ቤት ውስጥ እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይሰፋል። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ አራተኛ ወሩ ነው። እሷም ከስምንት ዓመት በፊት ይህንኑ በሽታ ታማ፣ ይህንኑ መድኃኒት ውጣ፣ አንድ ቀን ሥራ ሳታስተጓጉል ድናለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ አድርጋ ትሰጠዋለች፤ ሳይውጥ ዞር አትልም።

ሁለት ወር ሙሉ «እትዬ፣ እግሬን ያቃጥለኛል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል» ይላት ነበር።

«የጉንዳኑ ስም ስንፍና ይባላል። እኔ ይህንኑ እየዋጥኩ የስንት ሙሽራ ቀሚስ ጨርሻለሁ።»

መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር። ኋላ መናገሩንም ተወው።

ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ሐኪሟ ጣቱን ካሳሸገችለት በኋላ ካልሲውን አስወልቃ እግሩን በጥጥ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

እህቱ ጥጡ እግሩን ሲነካ እያየች ነበር።

«ከዋናው መድኃኒት ጋር ትንሿን ነጭ ቫይታሚን ትወስዳለህ?»

«ነጭ... እንጃ። ረስቼው ይሆናል» አለ። እህቱ ልትሳሳት ትችላለች ብሎ ማሰብ አልለመደም።

እህቱ ግን ክኒኗን ታውቃታለች። እሷ ስትታመም ማንም አልሰጣትም ነበርና፣ ገና እሱ መድኃኒት በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት «ይቺ ደግሞ የቅምጥሎች ናት» ብላ ከነማሸጊያዋ የልብስ ቁልፎች ከሚቀመጡበት መሳቢያ ውስጥ ወረወረቻት። ማንንም አልጠየቀችም። ጠይቃም አታውቅ።

«እኔ ያለሷ ነው የዳንኩት» አለች።

«እርስዎ ሊድኑ ይችላሉ። መድኃኒቱን የሚሰብረው ጉበት ነው፤ የአንዳንዱ ሰው ቶሎ ይሰብረዋል፣ የአንዳንዱ ቀስ ይላል። ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው።»

«የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን እኮ።»

«ቢሆንም የወረሳችሁት ይለያያል። እሱ ቀስ ከሚሉት ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ሲቆይ ነርቩን ይጎዳል፤ ቫይታሚኗ ለዚያ ነበረች።»

«እግሩ... ይመለሳል?»

«ሊሻለው ይችላል። ምን ያህል፣ አሁን አልነግርዎትም።» ሐኪሟ ካርዱ ላይ እየጻፈች ወደሱ ዞረች። «መድኃኒት በአግባቡ አትወስድም። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እዚህ መጥተህ ነርሷ ፊት ትውጣለህ።»

ኮሪደሩ ላይ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ፤ የታሸገው ጣቱ ክሩን አልይዝ አለው።

«አሳፈርኩሽ፣ እትዬ። ይኸን ያህል እየለፋሽ።»

ተንበርክካ አሰረችለት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ክኒኗን ከነገ ጀምሮ ነርሷ ትሰጠዋለች፤ ጥፋቱ ካርዱ ላይ በሱ ስም ተጽፎ ይቀራል፤ እሱም አምኖበታል።

ብድግ ብላ ክንዱን ያዘችና ወደ መጡበት ጎተተችው።

«ምን ረሳሽ?»

«ና። አንተም መስማት አለብህ።»

በሩን ከፈተችው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና አለ። አልዘጋችውም።

«ዶክተር፣ የጻፉትን ይሰርዙት» አለች። «እሱ እኔ የሰጠሁትን ሁሉ ውጧል። ክኒኗን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ።»